ተራራውን የጠበቅኩት በቅናት ነው

ሰፈሬ ውስጥ የተራራው ጠበቃ ተብዬ እጠራለሁ። ኢምፔሪያል ጋ ሚኒባስ ስጠብቅ የማላውቀው ሰው እጄን ጨብጦ «በርቱ፣ እናንተ ባትኖሩ ተራራችን ይሄኔ ጠጠር ሆኖ ነበር» ይለኛል። ሃያ ሁለት ካለው መደብሬ ፊት ለፊት ያለው የካፌ ባለቤት ማኪያቶዬን አላስከፍልም ብሎ አስቸግሮኛል። እኔም አንገቴን ደፍቼ አመሰግናለሁ። ምን ልበል? እውነቱን ብናገር ማኪያቶው ይቀርብኛል። እኔ ተራራ ስጠብቅ አልነበረም፤ ሚስቴን ስጠብቅ ነበር።

ተራራው ከቦሌ በስተምሥራቅ፣ ኮንዶሚኒየሞቹ ከሚያልቁበት ጀርባ ነው። ትልቅ አይደለም። ሌላ አገር ቢሆን ጉብታ ተብሎ ይታለፍ ነበር። ጽድና ወይራ ለብሷል፤ በአንድ ወገኑ ባሕር ዛፍ አለው። ደን ተብሎ ስለተከለለ ጭራሮ መልቀም እንኳ ክልክል ነው። ከሥሩ ድሮ የገበሬ መንደር ነበር። ሚስቴ የተወለደችው እዚያ ነው። ከተማው ሲሰፋ መንደሩ ተነሣ፣ ሰዎቹ በየአቅጣጫው ተበተኑ፣ መሬቱ ላይ ፎቅ ቆመበት። እኔ ሳገባት ይህ ሁሉ ካለፈ ቆይቶ ነበር። እሷ ስለዚያ ነገር አታወራም፤ እኔም አልጠየቅኳትም።

እኔ የጉራጌ ልጅ ነኝ። ሲሚንቶ፣ ፌሮ፣ ምስማርና ቀለም እሸጣለሁ። በየዓመቱ ለመስቀል መደብሬን ዘግቼ አገሬ እገባለሁ። የአባቴ ቤት እንዳለ አለ፤ ከጓሮው እንሰቱ፣ ከፊቱ ሰፊው የሣር ሜዳ። ሚስቴም አብራኝ ትሄዳለች። ክትፎውን ትበላለች፣ ከእናቴ ጋር ትስማማለች፣ ግን እዚያ በደረስን ቁጥር ዝም ትላለች። ገጠር ስለማይመቻት ይመስለኝ ነበር።

ወሬው የመጣው ከመስቀል በተመለስን ሰሞን ነው። አንድ ድርጅት ተራራውን ለካባ ጠይቋል ተባለ። ድንጋዩን በድማሚት እያፈረሰ፣ እየፈጨ፣ ጠጠር አድርጎ ለሕንፃና ለመንገድ ሊሸጥ ነው። የደን ክልልነቱ እንዲነሣለትም አመልክቷል። እኔ መጀመሪያ ያሰብኩት፣ አልዋሽም፣ የጠጠር ማመላለሻ ዋጋ ሊረክስ ነው ብዬ ነው። ነጋዴ ነኝ፤ ሌላ ምን ላስብ? ምሳ ላይ እንደ ጥሩ ወሬ ለሚስቴ ነገርኳት። ወደ አፏ ያነሣችውን ጉርሻ ወደ ሳህኑ መለሰችው። «ተራራውን?» አለች። ተነሥታ ስልኳን ይዛ መኝታ ቤት ገባችና ዘጋችው። በበሩ የሚሰማኝ ኦሮምኛ ነበር። እናቷ ከሞቱ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ኦሮምኛ ሰምቼ አላውቅም። የደወለችው ለመምህሩ ነበር።

መምህሩ ከሚስቴ ጋር በአንድ መንደር፣ አጥር ለአጥር ያደገ ሰው ነው። ገርጂ አካባቢ ሒሳብ ያስተምራል። ረጅም ነው። ሽበቱ የወጣው ከጆሮ ግንዱ ላይ ብቻ ነው፤ ያም አምሮበታል። እኔ መላጣ ነኝ። ሚስቱ ከሞተችበት ዓመታት አልፈዋል፤ ሌላ አላገባም። በሰርጋችን ቀን የሚስቴ አክስት ጠጁ ገባ ሲልላቸው «እኛማ ለእሱ ነበር ያሰብናት» ብለው ሲናገሩ ሰምቻለሁ። ሰው ቀልድ ነው ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ያቺ ንግግር ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣችም።

ተቃዋሚዎቹ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ተራራው ላይ መሰብሰብ ጀመሩ። ሐሳቡ የመምህሩ ነው። ሰው የሚውልበትን ቦታ ማንም ባዶ ነው ሊል አይችልም ብሎ ነው። የድሮው መንደር ሰዎች ከየተበተኑበት መጡ፤ የኮንዶሚኒየሙ ነዋሪዎችም አቧራውንና የድማሚቱን ድምፅ ፈርተው መጡ። ሚስቴ ያኔ ሆዷ ገፍቶ ነበር፤ ለዓመታት ጠብቀን ያገኘነው የመጀመሪያ ልጃችን ነው። ሐኪሙ ደረጃ አታብዢ ያላት ሴት ተራራ ትወጣ ጀመር። እኔ እስከ መደብሩ ብቅ በይ ስላት እግሬ አብጧል ትለኛለች። ለተራራው ሲሆን የሚያብጥ እግር የለም።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ተከተልኳት።

አናቱ ላይ ጠፍጣፋ አለት አለ። ሚስቴና መምህሩ ሁልጊዜ የሚቀመጡት እዚያ ላይ ነው። ተነካክተው አያውቁም፤ በመካከላቸው ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ይተዋሉ። ያ ጥንቃቄ ራሱ አናደደኝ። ምንም የሌለ ሰው እንዲህ ተጠንቅቆ አይቀመጥም አልኩ። ቁልቁል ወደ ሕንፃዎቹ በጣታቸው እያመለከቱ በኦሮምኛ ያወራሉ፤ ይከራከራሉ፤ ድንገት ይስቃሉ። ሚስቴ ስትስቅ ራሷን ወደ ኋላ ትጥላለች። ቤታችን ውስጥ እንደዚያ ስቃ አይቻት አላውቅም። እኔ ከኦሮምኛ የማውቀው ሰላምታና «ቡና ጠጡ» ብቻ ነው። በዚህ ደግሞ ሚስት መጠበቅ አይቻልም።

ከሽማግሌዎቹ ጋር እቀመጣለሁ። ሌላው ሁሉ ፊቱን ወደ ከተማው አድርጎ ሲቀመጥ እኔ ወደ አለቱ አዙሬ እቀመጣለሁ። አንድ እሁድ አልቀረሁም። ዝናብ ሲጥል ደግሞ ይበልጥ እሄዳለሁ፤ ዝናብ ሲጥል የሚመጣው ሰው ጥቂት ነው፣ ጥቂት ሰው ማለት ለእኔ የባሰ አደጋ ነው። አንድ ቀን ዶፍ ወረደና ሦስታችን ብቻ አንድ ጽድ ሥር ተጠለልን። መምህሩ ነጠላ ጫማዬንና የተነከረውን ኮቴን አይቶ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «እርስዎ እዚህ አልተወለዱም» አለኝ፤ «ግን ከተወለድነው በላይ ተቆረቆሩለት።» በሳምንቱ ኮሚቴ ሲመረጥ ዝናብ የማያስቀረው ሰው ብሎ የጠቆመኝ እሱ ራሱ ነው። በጭብጨባ ተመረጥኩ። ሚስቴ ስታጨበጭብ አየኋት፤ ለእኔ ይሁን ለጠቋሚው ግን መለየት አልቻልኩም።

በዚህ መሐል ወንድ ልጅ ተገላገለች። እኔም ልጄን አቅፌ በቅናት ስብሰለሰል ሰነበትኩና አንድ ብልሃት መጣልኝ። ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ክርስትና ሲነሣ ክርስትና አባት ያስፈልገዋል። ክርስትና አባት የሆነ ሰው ለወላጆቹ አበልጅ ነው። አበልጅ ደግሞ ከሥጋ ዘመድ አይተናነስም፤ ጋብቻ ቀርቶ በዓይን መመኘት እንኳ ነውር ነው፣ ኃጢአት ነው። መምህሩን አበልጅ ካደረግኩት የሚስቴ ወንድም ማለት ነው። እግዚአብሔር ራሱ በመካከላቸው አጥር አጠረልኝ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሐሳብ ለእኔ በመምጣቱ ራሴን አደነቅኩ።

ቦሌ መድኃኔዓለም አጠገብ አንድ ካፌ ቀጥሬው ጠየቅኩት። መምህሩ የያዘውን ሻይ አስቀመጠ። «እኔን?» አለ። «ወንድም እያለዎት፣ የአገር ሰው እያለዎት፣ እኔን?» አለና ከመቀመጫው ተነሥቶ ጉልበቴን ሊነካ ጎንበስ አለ። ያዝ አድርጌ አስቀመጥኩት። ልጅ ሳይወልድ ነው ሚስቱ የሞተችበት። ለቅጽበት አዘንኩለት። ወዲያው ግን ከጆሮ ግንዱ ላይ ያለውን ሽበት አየሁና ልቤን አጠነከርኩ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። አበልጅ የሆነ ሰው ወደ ቤት ሲመጣ ቀጠሮ አይጠይቅም። ለካ ይህን አላሰብኩም። በዓል በመጣ ቁጥር ዳቦው ላይ ቢላዋ ሳይገባ ይጠበቃል። በአዘቦት ቀን «ልጄን አየት ላድርገው» ብሎ ይመጣል። ሶፋዬ ላይ የእሱ የሚባል ቦታ ተፈጠረ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ያ ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ ክፍተት ጠፋ። ድሮ የሚጠነቃቀቁት ባዕድ ስለነበሩ ነው፤ አሁን ዘመድ ስለሆኑ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ይቀመጣሉ፤ ልጄን በመካከላቸው እየተቀባበሉ በኦሮምኛ ያባብሉታል። አጥር አጥሬ ሳበቃ እኔ ከአጥሩ ውጪ ቀረሁ። ሚስቴ አንድ ቀን «ከሠራኸው ነገር ሁሉ ይሄን እወድልሃለሁ» አለችኝ። ምን ብዬ ልቆጣ?

ክረምት ሳይገባ ስብሰባ ተጠራ። ድርጅቱ ያመለከተው ጉዳይ ከመወሰኑ በፊት የነዋሪው ሐሳብ ይሰማ ተባለ። አዳራሹ ሞልቶ ሰው በመስኮት ቆሟል። መድረኩ ላይ የተቀመጠው የድርጅቱ ሰው ትሑት ወጣት ነበር፤ አልዛተም፣ አልተቆጣም። ያስቸገረንም ትሕትናው ነው። ሥራ እንደሚከፍት፣ ሲያበቃ ጉድጓዱን ሞልቶ ዛፍ እንደሚተክልበት በቀስታ አስረዳ። አቧራና ድማሚት ያነሡትን ውሃ እንረጫለን፣ በቀን ብቻ እናፈነዳለን እያለ መለሰላቸው። በመጨረሻ በእኛ በኩል መምህሩ ተነሣ። ስለ ደኑ፣ ከተራራው ስለሚፈልቀው ምንጭ ደህና አድርጎ ተናገረ። ወጣቱ በጥሞና ሰማው።

«መምህር፣ አክብሬ ልጠይቅዎት» አለው። «ተራራው ላይ ቤት አለዎት?»

«የለኝም።»

«ከሥሩስ እርሻ?»

«ነበረን። አሁን የለም።»

«ዘመድዎ የተቀበረበት?»

«አይደለም።»

«እንግዲያው ተራራው ቢነሣ እርስዎ በግልዎ ምን ያጣሉ? ማስታወሻ እንድይዘው ነው።»

መምህሩ አፉን ከፈተ። አለቱ ላይ ሆኖ እንደሚያደርገው እጁን አነሣ፣ ጣቱን ወደ ግድግዳው ዘረጋ፤ ግድግዳው ላይ ግን የሚያመለክተው ነገር አልነበረም። እጁን አወረደው። ምንም ሳይል ተቀመጠ።

እኔ ጮቤ ረገጥኩ። እዚያው ወንበሬ ላይ፣ ልቤ ውስጥ። የስንት ወር ቃጠሎዬ ነው የበረደው። ያ ረጅም ሰውዬ፣ ያ ምላስ፣ በሁሉ ፊት ዝም አለ! የሚስቴን ፊት ለማየት ዞርኩ። ሚስቴ ታለቅስ ነበር። ልጃችንን ደረቷ ላይ አስተኝታ፣ ድምፅ ሳታሰማ፣ መምህሩን እያየች እንባዋ አገጯ ላይ ይወርዳል። ለእኔ እንዲያ አልቅሳ አታውቅም። ኩላሊቴን ታምሜ ወለል ላይ ስንከባለል እንኳ ውሃ ጠጣ ነው ያለችኝ። ለሌላ ወንድ የምታፈሰውን እንባ ቁጭ ብዬ ልቆጥር አልቻልኩም። ያ እንባ እንዲቆም ብዬ ብድግ አልኩ።

«እኔን ይጠይቁኝ» አልኩት።

ወጣቱ እስክሪብቶውን አነሣ። «እርስዎስ ምን ያጣሉ?»

«ምንም አላጣም፤ አገኛለሁ እንጂ። የሕንፃ ዕቃ ነጋዴ ነኝ። ጠጠር ከደጄ ቢወጣልኝ እኔ ነኝ የምጠቀመው። ሌላም ልንገርህ። ይህን ተራራ እጠላዋለሁ።» ሰው አጉረመረመ። ከኋላዬ አንድ የኮሚቴ አባል ኮቴን ጎተተኝ፤ አላቆምኩም። «ሚስቴ ከእኔ አስበልጣ ትወደዋለች። እርጉዝ ሆና ወጥታዋለች፣ አራስ ሆና ወጥታዋለች። መደብሬ ግን አንድ ቀን ምሳ ይዛልኝ አልመጣችም። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተራራው ተፈጭቶ ቢሸጥ አንጀቱ ቅቤ የሚጠጣ ሰው ካለ እኔ ነኝ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ወጣቱም ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ደሜ ፈልቷል።

«ግን እዚያ ላይ ስትቀመጥ አይቻታለሁ። ሌላ ሰው ትሆናለች። እኔ ካገባኋት ጀምሮ ደክሜ ያላመጣሁትን ፊት አንድ አለት በግማሽ ሰዓት ያመጣዋል። ምን እንዳለው አላውቅም። መምህሩ ያውቃል፣ መናገር ግን አቃተው፤ አየኸው። መናገር የሚያቅት ነገር የለም ማለት አይደለም። እኔ ቀናተኛው፣ እኔ ነጋዴው፣ እኔ ጠላቱ ተራራው አይነካ እያልኩህ ነው። እኔ ከተውኩት አንተም ተወው።»

ይህን ብዬ ተቀመጥኩ። ያጨበጨቡትን እንጂ የተባለውን አልሰማሁም። በኋላ እንደነገሩኝ ሰብሳቢው ጉዳዩ እንደገና እስኪጠና ተራራው ባለበት ይቆይ ብሏል። እስካሁንም እዚያው ነው። ነገ ምን እንደሚመጣ ማንም አያውቅም።

ሚስቴ በሚኒባስ ስንመለስ አላናገረችኝም። በሰው ፊት አዋረድኳት ብዬ ሰጋሁ። በማግሥቱም ዝም፤ በሠልስቱም ዝም። እሁድ ተራራው ላይ ስንደርስ ግን እኔ እንደ ልማዴ ወደ ሽማግሌዎቹ ሳመራ እጄን ያዘችኝ። «ና» አለችና ወደ አለቱ ወሰደችኝ። መምህሩ ልጁን አቅፎ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ። መካከላቸው አስቀመጠችኝ።

«ያ ሰማያዊ የውሃ ታንከር ያለበት ሕንፃ ይታይሃል?» አለችኝ። «ከእሱ በስተግራ ያለው ደረጃ የእኛ በር ነበር።»

«ኧረ አበልጄ ተይ!» አለ መምህሩ። «ደረጃው በረታችሁ ነው። በራችሁ ቀይ ብርድ ልብስ የተሰጣበት ጋ ነው።»

«በረቱ ከሾላው ማዶ አይደለም እንዴ?»

«ሾላው ራሱ የት ሆነና!»

ሁለቱም ወደ ኦሮምኛ ገቡና በጣታቸው እየጠቆሙ ተጨቃጨቁ፤ ከዚያ ሚስቴ ራሷን ወደ ኋላ ጥላ ሳቀች። ለካ ይህ ነበር ወሬያቸው። እኔ ዝናብ ላይ ቆሜ የበገንኩት ለበረትና ለሾላ ነው።

«ታች ወርጄ ፈልጌዋለሁ» አለችኝ ሳቋ ሲበርድ። «አላገኘሁትም። ግቢው ውስጥ ስዞር ጥበቃው ማንን ፈለግሽ አለኝ። ምን ልበለው? ከዚህ አለት ላይ ብቻ ነው የሚገኘው። ልጅ ሆነን ከዚህ ላይ ነበር ቤታችንን የምናየው። ይህ ከተቆረጠ የተወለድኩበት ቦታ የት እንደሆነ የማውቅበት መንገድ የለኝም። እሱ ደግሞ ስሳሳት የሚያርመኝ ነው። ሌላ የሚያርመኝ ሰው አልቀረም።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተ በር አለህ» አለችኝ። «በየመስቀሉ ሳታየው ትገባበታለህ፤ እግርህ ያውቀዋል። ከወንድሞችህ ጋር በጉራጊኛ ስትስቅ እኔ ጥግ ይዤ እቀመጣለሁ። ምን የምሆን ይመስልሃል?»

«ገጠር አይመችሽም ብዬ ነዋ።»

«እቀናለሁ» አለች። «ካገባኸኝ ጀምሮ በየዓመቱ፣ አንጀቴ አርሮ ነው የምመለሰው።»

ቅናት የሚያውቅ ሰው እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ከጎኔ ተኝቶ ሲነሣ አላየሁትም። መምህሩ ልጁን ያስተኛ መስሎ ፊቱን አዞረልን።

ዘንድሮ ለመስቀል አገሬ ስገባ አበልጃችንም አብሮን መጣ። ሚስቴ ናት የጠራችው፤ አበልጅ ነውና ምን ይባላል? ሻንጣዋን ተሸክሞላት ከመኪና ሲወርድ አይቼ ዝም አልኩ። የአባቴ ቤት ደጃፍ ላይ ስንደርስ እንደ ልማዴ ቀድሜ ልገባ እግሬን ካነሣሁ በኋላ መለስኩት። «አንቺ ግቢ» አልኳት።

ልጃችንን ታቅፋ ገባች። የበሩን ደፍ እንዳለፈች ቆማ ወደ ውጪ ዞረች። ሜዳውን አየች፤ ከሜዳው ማዶ ያለውን ኮረብታ አየች። ከዚያ ጣቷን አንዴ ወደ ኮረብታው፣ አንዴ ወደ በሩ እያደረገች ለልጁ በኦሮምኛ ብዙ ነገር ነገረችው። እኔ አንድም ቃል አልገባኝም። ከኋላዬ የቆመው መምህር ግን ሁሉም ገባው፤ ሻንጣውን አስቀምጦ ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ። እኔ ደግሞ ቀናሁ።